ጥርስ ነክሶ መኖር፦ ስለ መንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመምና ስለ ፊዚዮቴራፒው

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አዳራሽ፣ በአንድ እሁድ ከሰዓት የተደረገ ንግግር። እንደተነገረ ቀርቧል።)

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ደጅ ላይ የጣና ነፋስ እየጠራችሁ፣ የከተማው ሰው ሁሉ ወደ ውኃው ዳር እያመራ፣ እናንተ ስለ መንጋጋ ልትሰሙ እዚህ መቀመጣችሁ ራሱ አንድ ነገር ይነግረኛል። ወይ ራሳችሁ ታማችኋል፣ ወይ ቤታችሁ የታመመ ሰው አለ።

ገና ሳልጀምር አንድ ነገር ልጠይቅ። አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ የላይኛውና የታችኛው ጥርሳችሁ ተገናኝቷል ወይስ ተለያይቷል? አትነቃነቁ! እንዳለ ተዉትና ልብ በሉት። የተገናኘባችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። አያችሁ? ግማሹ አዳራሽ እጁን አወጣ። የሚበላ የለም። የሚጠጣ የለም። ታዲያ ጥርሱ ምን እየሠራ ነው?

አማርኛችን መከራ የሚችለውን ሰው «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» ብሎ ያመሰግነዋል። ለሰውየው ምስጋና ይሁን እንጂ ለመንጋጋው እርግማን ነው። ጥርስ ከጥርስ የሚገናኘው ስናኝክና ስንውጥ ነው፤ የቀኑ ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የቀረው 23 ሰዓት ከምናምን የዕረፍት ጊዜ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሕክምና፣ ፊዚዮቴራፒ የምንለው በእጅና በእንቅስቃሴ ማከም፣ ትልቁ ክፍሉ ይህንን ዕረፍት ማስመለስ ነው።

አራት ነገር እላለሁ። መገጣጠሚያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ በፍጥነት ወደ ሐኪም እንደሚኬድ፣ በመጨረሻም ምን እንደምናደርግ። አራተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ለእሱ ነው የመጣሁት።

እንግዲህ መገጣጠሚያው። ሁለቱን ሌባ ጣቶቻችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ትንሽ ፊት ለፊት አድርጉ። አሁን አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። መጀመሪያ ከጣታችሁ ሥር አንድ ክብ ነገር ሲሽከረከር ይሰማችኋል። ቀጥሉ፣ አሁንም ክፈቱ። ያ ክብ ነገር ወደፊት ሲንሸራተት፣ ከኋላው ጎድጓዳ ሲፈጠር ተሰማችሁ? ጥሩ፤ ዝጉ። መንጋጋ ሁለት ሥራ ይሠራል። እስከ 20 ወይም 25 ሚሊሜትር ድረስ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደፊት ይንሸራተታል። ይህንን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ በእንቅስቃሴው ላይ እንፈልገዋለን።

በመንጋጋው አጥንት ራስና በራስ ቅሉ መካከል መሃሉ ስስ፣ ዳርና ዳሩ ወፈር ያለ፣ ዲስክ የሚባል ንጣፍ አለ። እንደ ትንሽ ቆብ አጥንቱ ላይ ተቀምጦ አብሮት ይሄዳል። አንዳንድ ሰው ላይ ዲስኩ ወደፊት ያፈተልካል፤ አፍ ሲከፈት አጥንቱ ዘሎ ዲስኩ ላይ ሲወጣ «ቀጭ» ይላል። ሲዘጋ ተመልሶ ይወርዳል፣ ደግሞ «ቀጭ»። ድምፁ ሕመም ከሌለው፣ አፍም በደንብ ከተከፈተ፣ ተዉት! ብዙ ጤነኛ ሰው መንጋጋው እየጮኸ ዕድሜውን ጨርሷል። ድምፅን ለማጥፋት የሚደረግ ትግል ብዙ ጊዜ ሕመም ያልነበረበት ቦታ ላይ ሕመም ይፈጥራል።

ደግሞ ይህን አትርሱ፤ መገጣጠሚያዎቹ ሁለት፣ አጥንቱ ግን አንድ ነው። ቃሬዛ የተሸከሙ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንዱ ካነከሰ ሌላው መጎተቱ አይቀርም። ለዚህ ነው በቀኝ በኩል ያመመው ሰው ሲውል ሲያድር ግራውንም የሚያመው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ሕመሙ ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ከአጥንቱ ሳይሆን ከጡንቻው። ጥርሳችሁን ነከስ አድርጋችሁ ጉንጫችሁን ዳብሱ፤ ያ የሚወጠረው የማኘኪያው ጡንቻ ነው። እጃችሁን ከጆሮ በላይ፣ ከዓይን ወደ ጎን ውሰዱትና ደግማችሁ ነከስ አድርጉ፤ እዚያም ሌላ ጡንቻ ተነሣ። አሁን ልቀቁ። ልቀቁ እንጂ! ነክሳችሁ ቀራችሁ እኮ።

የጣና ታንኳ ቀዛፊን አይታችሁ ታውቃላችሁ። ከዳር እስከ ደሴት ሲቀዝፍ ክንዱ የማይዝለው በየምቱ መካከል ስለሚያርፍ ነው። ያው ሰው መቅዘፊያውን ወደ ላይ አንሥቶ ሳያንቀሳቅስ ይያዝ ብትሉት አምስት ደቂቃ አይችልም። የመንጋጋ ጡንቻም እንዲሁ ነው። በልኩ ማኘክ አይጎዳውም፤ ሳይለቅ መያዝ ነው የሚጎዳው። የፈተና ሰሞን ተማሪ አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ ሌሊቱን ያነባል፤ ጠዋት ጆሮ ግንዱን ያመዋል። ስልክ በትከሻና በጆሮ መሃል ይዞ የሚያወራ ነጋዴ አለ። ጥፍር የሚበላ፣ የለስላሳ ቆርኪ በጥርሱ የሚከፍት፣ ሸንኮራ በጥርሱ የሚልጥ አለ። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ አለ፤ እሱ አያውቅም፣ አብሮት የሚተኛው ነው የሚነግረው።

ጫቱንም ካላነሣሁ ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል፤ አካባቢያችን ጫት የሚያበቅል ነው። ልመክር አልመጣሁም፤ የጡንቻውን ሒሳብ ብቻ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ሦስትና አራት ሰዓት በአንድ ጉንጩ ቋጥሮ ሲቅም የዚያ ወገን መገጣጠሚያና ጡንቻ የቀናትን ሥራ በአንድ ከሰዓት ይሠራል። ቅጠሉ የሚያነቃቃ ስለሆነ ጥርስ መንከሱን ያባብሰዋል፤ እንቅልፉንም ይወስዳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሕመም ይጠናበታል። ማስቲካም ከዚህ ቤተሰብ ነው። «መንጋጋዬ እንዲፍታታ ማስቲካ አኝካለሁ» የሚሉ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና ስለ ጆሮ ልናገር። የዚህ ሕመም ተንኮል ሌላ ቦታ መምሰሉ ነው። ጆሮ የሚያም ይመስላል፤ ሰው ጠብታ ይገዛል። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ጥርስ ይመስላል፤ ሰው ጤነኛ መንጋጋ ጥርሱን ያስነቅላል፣ ሕመሙ ግን እዚያው ነው፤ ከዚያም ጎረቤቱን ያስነቅላል። ጄምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1934 የጆሮን ሕመምና ጩኸት ከመንጋጋ መገጣጠሚያ ጋር አያይዞ ጽፏል። የሰጠው ማብራሪያ ኋላ አልጸናም፤ ሰው ግን ከጆሮው ቀዳዳ ፊት ለፊት ያለውን ነገር እንዲያይ አደረገ። ስለዚህ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ሐኪማችሁን «ጥርሱ ራሱ ምን ሆኗል?» ብላችሁ ጠይቁ። የተበላ ነው? ሲመታ ያማል? ራጁ ምን ያሳያል? ሦስቱም ንጹሕ ከሆኑ ጡንቻው ይታይ።

እንዴት ይታያል? ቀላል ነው። ጉንጭ ላይ ያለው ጡንቻ በአንድ ኪሎ ያህል ጫና ይጫናል፤ መገጣጠሚያው ራሱ ግን በግማሽ ኪሎ። አንድ ኪሎ ስንት እንደሆነ ጣታችሁ አያውቀውም፤ ስለዚህ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ጣታችሁን አስቀምጡና አንድ ኪሎ እስኪያሳይ ተጫኑ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከደገማችሁ እጃችሁ ይለምደዋል። አሁን ጉንጫችሁን ተጫኑ። ጥያቄው «አመመኝ ወይ?» አይደለም፤ የማንም ጉንጭ ሲጫኑት ትንሽ ያማል። ጥያቄው «የማውቀው ሕመሜ ይሄ ነው ወይ?» ነው። ያ ጆሮ የመሰላችሁ፣ ያ ጥርስ የመሰላችሁ ሕመም ከጣታችሁ ሥር ከተነሣ ምንጩን አግኝታችሁታል።

ሌላው መለኪያ መክፈቻው ነው። ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት። ሦስቱን ደርድሩና አቁማችሁ በፊት ጥርሶቻችሁ መካከል አስገቡ። የራሳችሁን ጣት! የልጅን ጣት ለአዋቂ አፍ አትለኩ። ሦስቱ ከገቡ ደኅና ነው። ሁለት ብቻ ከገቡ ችግር አለ። በማስመሪያ ከለካችሁ ደግሞ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ እስከ ታችኛው የፊት ጥርስ ጫፍ የአዋቂ ሰው ከ40 እስከ 55 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከ35 በታች የሆነ ይምጣ። በተለይ ለወራት ቀጭ ቀጭ ሲል የነበረ መንጋጋ አንድ ጠዋት ድምፁ ጠፍቶ አፍም አልከፈት ካለ፣ አገጩም ወደታመመው ወገን ከሄደ፣ ዲስኩ ከፊት ሆኖ መንገዱን ዘግቷል ማለት ነው። «ድምፁ ተወኝ፣ ተሻለኝ» ብላችሁ አትቀመጡ። በቀናት ውስጥ የመጣና ከወራት በኋላ የመጣ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው፣ ፊዚዮቴራፒ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም የሚኬድባቸው። ይሄን በፍጥነት፣ ግን ጠንቅቃችሁ ስሙኝ።

አፍ አልከፈት ያለው ሰው እግሩን ሚስማር ወግቶት ወይም ሌላ ቁስል ኖሮት ከሆነ፣ አንገቱና ጀርባውም ከደረቀ፣ መዋጥም ካቃተው ቴታነስ ነው ብላችሁ አስቡ። መንጋጋ ቆልፍ ያልነው በከንቱ አይደለም። ያን ሰው ማሸት የለም፤ ድንገተኛ ክፍል! ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ሆነ ጥበበ ግዮን፣ የቀረባችሁ ጋ። ከጆሮ ሥር አብጦ ትኩሳት ካለው ጆሮ ደግፍ ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። እንዳያስመልሰው ፕላሲል የተባለው መድኃኒት ተሰጥቶት ከሰዓታት በኋላ መንጋጋው ወደ አንድ ወገን የተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ የሄደ ሰው የመድኃኒቱ ውጤት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ዘንድ በመርፌ ይፈታል። ዳገት ሲወጣ መንጋጋውን የሚያመው፣ ሲያርፍ የሚተወው፣ ደረቱን የሚጨንቀው ሰው ልቡ ይታይ። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ አዲስ ራስ ምታት የጀመረው፣ ሲያኝክ ጉንጩ የሚዝልበት፣ ዓይኑ የሚደበዝዝበት ሰው ደግሞ ያው በዕለቱ ሐኪም ይየው፤ የደም ሥር ብግነት ዓይን ያጠፋል።

ከባጃጅ ወይም ከብስክሌት ወድቆ አገጩ የተመታ ልጅም አለ። በዚህች የብስክሌት ከተማ ይሄ ብዙ ነው። የአገጩ ቁስል ተሰፍቶ ወደ ቤቱ ይላካል፤ ኃይሉ ግን ወደ ላይ ሄዶ ከጆሮው ፊት ያለውን አጥንት ሰብሮት ሊሆን ይችላል። ካልታየ መገጣጠሚያው ከራስ ቅሉ ጋር ተጣብቆ ይደርቃል፤ ልጁ አፉን ሳይከፍት ያድጋል። አገጭ የተሰፋ ልጅ ሁሉ መንጋጋው ራጅ ይነሣ፣ አፉም ይለካ።

ሲያዛጋ መንጋጋው ወጥቶ አፉ ተከፍቶ የቀረስ? ይህ ጥንታዊ ነገር ነው። ይህ ከዚህ ከደጃችን የሚወጣው ዓባይ ወርዶ ወርዶ ግብፅ ይደርሳል፤ በዚያ አገር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተጻፈ፣ ዛሬ ኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ የሚባል የሕክምና ጥቅልል አለ። የወጣ መንጋጋ እንዴት በአውራ ጣት እንደሚመለስ ይናገራል። አሁንም የሚደረገው ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ አውራ ጣቶች የኋለኛው የታች ጥርስ ላይ ሆነው መጀመሪያ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይገፋሉ። የሚሳሳተው ሰው ቅደም ተከተሉን ነው። ወደ ታች ሳያወርድ ወደ ኋላ ይገፋል፤ አጥንቱ ከፊት ባለው ጉብታ ላይ ይላተማል። ሲሳካም መንጋጋው በኃይል ይዘጋና ጣት ይነክሳል። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ይህን ግን ስብራት እንደሌለ ያረጋገጠ ሰው ይሥራው። እስክትደርሱ አገጩን በነጠላ ወይም በሻሽ ላላ አድርጋችሁ ደግፉ፣ ምግብም ውኃም አትስጡት።

አሁን ወደ ሥራው። አራተኛው!

ሁሉም ነገር ከአንድ ፊደል ይጀምራል። «ን» በሉ። አዳራሹ ሁሉ፣ በአንድ ላይ፦ ንንን። ምላሳችሁ የት ነው? ጫፉ ከላይኛው የፊት ጥርስ ኋላ፣ ላንቃው ሲጀምር ያለች ጉብታ ላይ ነው። እዚያው ተዉት፤ አትጫኑት፣ ማረፍ ብቻ ይረፍ። ከንፈራችሁን ግጠሙ። ጥርሳችሁን አለያዩ፤ ክፍተቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ይበቃዋል። በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። ምላስ ላንቃ ላይ፣ ከንፈር ግጥም፣ ጥርስ ልዩ። ምላስ ላንቃ ላይ፣ ከንፈር ግጥም፣ ጥርስ ልዩ። ይህ የመንጋጋ መኝታው ነው።

ችግሩ መርሳት ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትረሱታላችሁ። ስለዚህ ማስታወሻ ያስፈልጋል። በባሕር ዳር ደግሞ ነፃ ማስታወሻ አለን፤ የባጃጅ ጥሩምባ በጮኸ ቁጥር «ጥርሴ የት ነው?» በሉ። የቤት ሠራተኛ እናቶች ድስቱ ላይ፣ ጸሐፊዎች ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ «ን» የምትል ወረቀት ለጥፉ። ቀልድ ይመስላችኋል፤ ከምሰጣችሁ ነገር ሁሉ ይህን ብቻ ብትይዙ እንኳ አልከሰራችሁም።

ማሪያኖ ሮካባዶ የተባለ ቺሊያዊ ፊዚዮቴራፒስት ዓለም የተቀበለው አሠራር አለው፤ ስድስት እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱ ስድስት ጊዜ፣ በቀን ስድስት ጊዜ። አንዱ ዙር ከአራት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። አብረን እንሥራው፤ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ያው ማረፊያው ነው። ምላሳችሁን «ን» ላይ አድርጋችሁ በአፍንጫ ስድስት ጊዜ በሆዳችሁ ተንፍሱ። ሁለተኛው፣ ምላሱ ላንቃውን ሳይለቅ አፍ መክፈት ነው። ክፈቱ… ምላሱ ሊለቅ ሲል ቁሙ፤ ዝጉ። ለምን ምላሱ ተያዘ? መንጋጋው እንዲዞር እንጂ እንዳይንሸራተት ነው፤ ያ የመጀመሪያው 20 ሚሊሜትር። ይህን መስታወት ፊት አድርጉት። ከአገጫችሁ መሃል ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። ነጥቡ ቀጥ ብሎ ይውረድ። ወደ አንድ ወገን ከሸሸ ከሸሸበት በፊት ቁሙ። ጥርስ ሲዘጋ እንዳይጋጭ ተጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው እንቅስቃሴውን በትክክል ሠርቶ መጨረሻ ላይ «ቷ!» አድርጎ ይነክሳል። ያ ከሆነ ሥራችሁ ሁሉ ለመንከስ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ጫና ነው። መንጋጋው በማረፊያው ላይ፣ ጥርስ ልዩ። ሁለት ጣት በአገጩ ቀኝ ጎን አድርጉና ወደ ግራ ገፋ አድርጉት። መንጋጋው አይነቃነቅም! ጣቱ ይገፋል፣ መንጋጋው ይመክታል፤ አምስት ወይም ስድስት ሰከንድ። ከዚያ ከግራ። ከዚያ ከሥር ወደ ላይ። የጫናው መጠን ዕንቁላል ሳይሰበር እንደሚያዝ ነው። እዚህ ላይ ወጣት ወንዶች ይሳሳታሉ፤ እንደ ትግል ያደርጉታል። በኃይል የተሠራ ጡንቻውን ያስነክሰዋል፤ የፈለግነው ግን ሳይነክስ እንዲጠብቅ ነው።

የቀሩት ሦስቱ የአንገት ናቸው። «የመንጋጋ ሕመምተኛ ነኝ፣ አንገቴ ምን አገባው?» ትላላችሁ። ስልክ እያያችሁ አንገታችሁን ወደፊት አስግጉ እስቲ። ጥርሳችሁ ምን ሆነ? አነካከሱ ተቀየረ፣ አይደል? የራስ አቀማመጥ ሲለወጥ መንጋጋው ይጎተታል። ስለዚህ አራተኛው፣ ሁለት እጅ ማጅራት ላይ አቆላልፉና አገጫችሁን ወደ ጉሮሮ አነቅንቁ፤ «አዎ» እንደሚል ሰው፣ ግን ትንሽ፣ 15 ዲግሪ ያህል። አምስተኛው፣ አገጭን ሳትደፉ ራስን ወደ ኋላና ወደ ላይ ሳብ ማድረግ፤ አንድ ሰው ከፀጉራችሁ እንደሚጎትታችሁ። ስድስተኛው፣ ትከሻን ወደ ኋላና ወደ ታች። አለቀ።

ይሄ ለሁሉም ነው። የሚከተለው ግን ለተወሰነ ሰው ነው፣ እባካችሁ አትቀላቅሉ። አፉ የማይከፈት፣ ጡንቻው የደረቀ ሰው መዘርጋት ያስፈልገዋል። አፉ ከልክ በላይ የሚከፈት፣ መንጋጋው የሚወጣበት ሰው ግን ዘርግቶ ራሱን እንዳይጎዳ! እሱ የሚፈልገው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ነው፤ ሲያዛጋም ምላሱን ላንቃው ላይ አድርጎ፣ እጁን ከአገጩ ሥር ደግፎ ያዛጋ።

ለደረቀው፣ መጀመሪያ ሙቀት። ፎጣ በሞቀ ውኃ ነክራችሁ ጨምቁ፣ በክንዳችሁ ውስጠኛ ቆዳ ሞክሩት፣ ከዚያ ጉንጭ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ሲበርድ ቀይሩት፤ የበረደ እርጥብ ፎጣ ጡንቻውን መልሶ ይሰበስበዋል። መንጋጋው ትናንት ከተመታ ግን ሙቀት የለም፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ ነው። ከሙቀቱ በኋላ ማሸት። ጥፍር የተቆረጠ፣ የታጠበ እጅ፤ አውራ ጣት ከጉንጩ ውስጥ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከውጭ። ጡንቻውን በመሃል ያዙት። ገመድ የመሰለች፣ የምታም ቦታ ፈልጉ። ስታገኟት አትሹ፣ ያዙ፤ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ። ሕመሙ በጣታችሁ ሥር ሲለሰልስ ይሰማችኋል። ካልለሰለሰ ወይ በጣም ተጭናችኋል፣ ወይ ሕመምተኛው ጥርሱን ነክሷል። ሁለተኛው ነው የሚበዛው።

ከዚያ መዘርጋት። አውራ ጣት የላይኛው የፊት ጥርስ ላይ፣ ሌባ ጣት የታችኛው ላይ፣ እንደ መቀስ አሻግሩና ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። 30 ሰከንድ ያዙ፤ ሦስት ወይም አምስት ጊዜ፤ በቀን ሁለት ሦስቴ። የጣት አቅም ሲያንስ የጉሮሮ መመርመሪያ እንጨት አለ፣ አንዱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው። የሚገባላችሁን ያህል ደርድራችሁ በጥርስ መካከል አስገቡ፣ ሳትነክሱ ያዙ፤ በየጥቂት ቀኑ አንድ ጨምሩ። በቀን አንድ መጨመር ጀግንነት አይደለም። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ብትሰጡት ከ3 አይለፍ። ዛሬ የሠራችሁት ነገ ጠዋት ድረስ ካመመ መጠኑ በዝቷል፤ ግማሹን ቀንሱ። አትተዉት፣ ቀንሱት።

ፊዚዮቴራፒስቱስ ምን ይሠራል? ጓንት አድርጎ አውራ ጣቱን በታመመው ወገን የኋለኛው የታች ጥርስ ላይ አድርጎ በሌላ እጁ ራስን ይይዛል፤ መገጣጠሚያውን ወደ ታች ያላላዋል፤ ቀጥሎ ወደፊት ያንሸራትተዋል፣ ለ30 ሰከንድ ያህል፣ ደጋግሞ። ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩ። የሚሸጠው ማሽን ብዙ ነው፤ የኤሌክትሪኩም የድምፅ ሞገዱም። እኔን ብትጠይቁኝ እጅና እንቅስቃሴ ይቀድማሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው መመሪያ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ለቆየ ሕመም በጽኑ የሚመክረው የመንጋጋ እንቅስቃሴን፣ መዘርጋትን፣ በባለሙያ እጅ ማላላትንና የሚያሙ ነጥቦችን መጫንን፣ እንዲሁም የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናን ነው። ጥርስ ላይ የሚጠለቀውን ማሳረፊያ ፕላስቲክ ብዙም አይደግፍም፤ ዲስኩን በቀዶ ሕክምና ማውጣትን ደግሞ ይቃወማል። ይህ የምሥራች ነው፤ ርካሹ ነገር የተሻለው ሆኖ ተገኘ።

ስለ ምግብ አጭር ነገር። በሚያምበት ሰሞን ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ጥሬ ሥጋ ይቆዩ። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሽሮ ፍትፍት፣ የቆሮሶ ዓሣ ወጥ፣ ማንጎ በልኩ ተቆራርጦ። በሁለቱም ወገን አኝኩ። ጉርሻስ? አጉራሾች ሆይ፣ ፍቅራችሁን እናውቃለን፤ መንጋጋ ለታመመ ሰው ግን ፍቅራችሁን በግማሽ ጠቅልሉት። ፈሳሽ ብቻ እየጠጡ ወራት መቆየትም ልክ አይደለም፤ ያልሠራ ጡንቻ ይደክማል። ሁለት ሳምንት ለስላሳ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ መመለስ።

በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ለኩና ጻፉ። ጠዋት ለክታችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ማታ አትለኩ፤ ጠዋት ደረቅ ነው። ዛሬ 31፣ በሳምንቱ 33፣ እንዲህ ይሄዳል። በሁለት ሳምንት ምንም ካልተንቀሳቀሰ አሠራራችሁን የሚያይ ሰው ፈልጉ፤ በቂ ጊዜ የምንለው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው።

ጥያቄ? አቤት እናቴ፣ ይናገሩ። «እልልታ ይከለከላል ወይ?» ነው ያሉት። ጎበዝ፣ ይሄ ጥያቄ ነው! አይከለከልም፤ ልጅ እየዳሩ እልልታ ሊከለከል? እልልታ ላይ የሚሠራው ምላስ ነው፤ አፍ ከሁለት ጣት በላይ መከፈት የለበትም። እስቲ እልል ይበሉ፣ ጣትዎን እዚህ፣ ከጆሮዎ ፊት ለፊት አድርገው። ተንሸራተተ? አልተንሸራተተም፤ ዞሮ ቆመ። ደግመው ይበሉት።